የማሪዋና ከረሜላና የሽጉጥ ቅጽ

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ ኮሎራዶ ግዛት አውሮራ ከተማ ውስጥ በአንድ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ፣ ፊቱን የሸፈነ ወጣት ሽጉጥ ደቅኖብኝ መሳቢያው ውስጥ የነበረውን ገንዘብ ይዞ ሄደ። ጉዳት አልደረሰብኝም፤ ይሁን እንጂ ከዚያች ሌሊት ወዲህ የበሩ ደወል ባቃጨለ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሽጉጥ ለመግዛት መወሰኔን የሰሙት ታክሲ ነጂው የቤት ተጋሪዬ፣ ጋሼ የምላቸው ታላቄ፣ «እኔም በሌሊት ነው የምነዳው፤ አብረን እንሂድ» አሉኝ።

በግሪን ካርድ የሚኖር ሰው ሽጉጥ መግዛት እንደሚችል ያወቅሁት ሽጉጥ መሸጫው ውስጥ ነው። ሻጩ ለየብቻችን የፌዴራል መንግሥቱን ቅጽ ሰጠንና፣ የግዛቱ የምርመራ ቢሮ የኋላ ታሪካችንን እንደሚያጣራ፣ ብናልፍም እንኳ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ሦስት ቀን እንደምንጠብቅ አስረዳን። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥም ማጣራቱ ግዴታ የሆነው በ2013 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሐምሌ ወር በዚሁ በአውሮራ ሲኒማ ቤት ውስጥ 12 ሰዎች በጥይት ተገድለው ነበር። ሕጉን የደገፉ ሁለት የግዛቱ ሴናተሮች በመራጮች ድምፅ ከወንበራቸው መነሣታቸውን ስሰማ ግን፣ ጠመንጃ እዚህም እንደ አባቴ ምንሽር የክብር ጉዳይ መሆኑ ገባኝ።

ጋሼ ቅጹን እየሞሉ ሄደው አንድ ጥያቄ ላይ እስክሪብቷቸው ቆመ። ማሪዋናን ወይም ሌላ ቁጥጥር የሚደረግበትን ዕፅ በሕገ ወጥ መንገድ ይጠቀማሉ ወይ ይላል። ሰውየው ለወገብ ሕመማቸው ማሪዋና ያለበት ከረሜላ ማታ ማታ ይወስዳሉ፤ የሚገዙትም ፈቃድ ካለው ሱቅ፣ ግብር ከፍለው፣ ደረሰኝ ተቀብለው ነው። የግዛቱ ሕዝብ ማሪዋናን በ2012 በድምፁ ፈቅዶ፣ ሱቆቹም ከጥር 2014 ጀምሮ በግልጽ ሲሸጡ ቆይተዋል። ጋሼ «ግብር የከፈልኩበት ነገር እንዴት ሕገ ወጥ ይሆናል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሻጩ ምንም ሳይናገር ከጥያቄው ሥር ወዳለው ማስጠንቀቂያ በጣቱ አመለከተ፤ ግዛቱ ቢፈቅድም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው ይላል። ዋሽቶ መፈረም ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ጋሼ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

በነገራችን ላይ ጫት የሚቅም ወገኔም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር በፌዴራሉ የተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ከሄሮይን ጋር በአንድ ረድፍ ተመዝግቧልና። አገር ቤት በጠራራ ፀሐይ በጥቅል የሚሸጠው ጫት እዚህ ያስከስሳል፤ አገር ቤት የሚያሳስረው ማሪዋና እዚህ በደረሰኝ ይሸጣል።

እኔ ማጣራቱን አልቃወምም። ባደግሁበት ገጠር ጠመንጃ የያዘውን ሰው ጠባይ መንደሩ ያውቀዋል፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በማይተዋወቅበት ከተማ ግን ያንን የሚተካ መዝገብ ያስፈልጋል። ቅር የሚለኝ፣ ሚስቱን ደብድቦ የተፈረደበትን ሰው የሚያግደው ቅጽ ወገባቸውን ያመማቸውን ሽማግሌ ከእርሱ ጋር አንድ ላይ መደመሩ ነው። እዚሁ አውሮራ፣ በሃቫና ጎዳና ባለው ቡና ቤት ይህን ሳነሣ፣ አንዱ ወዳጄ «ሁለቱንም ይከልክሉና እንገላገል» አለ፤ ሌላው ማሪዋና ሱቅ ውስጥ በመሥራት ብቻ ዜግነት ሊከለከል እንደሚችል ጠበቃው እንደነገረው አጫወተን።

የእኔ ማጣሪያ አለፈ። ሆኖም ያንኑ ጠበቃ ሳማክረው፣ ክልከላው መግዛትን ብቻ ሳይሆን መያዝንም እንደሚጨምር፣ ሽጉጡ ጋሼ ሊያገኙት በሚችሉበት ቦታ ከተቀመጠ እርሳቸውም ሊጠየቁ እንደሚችሉ ነገረኝ። የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው፤ እኔ የምተኛው ሳሎን፣ ከረሜላው የሚቀመጠው ከበርበሬው ጎን። በሦስተኛው ቀን ከመሸጫው ሲደወልልኝ መግዛቱን መተዌን ተናገርሁና፣ ክፍያው ቢያንስም ወደ ቀን ፈረቃ እንዲያዛውረኝ አለቃዬን ለመንሁት።