የመርሰዲሴን እንጨት እንዴት እንዳደስኩት

የድሮ መኪና ውስጥ የተሰነጣጠቀ እንጨት ያየ ሰው «ይሄ አብቅቶለታል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንጨቱ ደህና ነው። ያረጀው ላዩ ላይ ያለው ቫርኒሽ ነው። ይሄ ሲገባኝ ነው የመርሰዲሴን እንጨት ራሴ ለማደስ የደፈርኩት።

መኪናዋ ደብልዩ 126 ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1991 የተመረተችው ትልቋ መርሰዲስ። ማርሹ ዙሪያና የሲጋራ መተርኮሻው ክዳን ላይ ያለው እንጨት ዜብራኖ ነው። ካሜሩንና ጋቦን ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ፣ ጥቁርና ፈዘዝ ያለ መስመር እየተፈራረቀ የሚሄድበት እንጨት። ሙሉ ጣውላ እንዳይመስላችሁ፤ ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነ ቬኒየር፣ ማለትም ስስ የእንጨት ልጣጭ ነው ሌላ ነገር ላይ የተለጠፈው። ቫርኒሹን ፀሐይ ለዓመታት ስትመታው ይደርቃል፣ ቢጫ ይሆናል። እንጨቱ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የደረቀ ቫርኒሽ አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በስንጥቁ እርጥበት ሲገባ ነጭ ነጭ ደመና ይሠራል።

የመስኮት ቁልፎቹ እዚያው እንጨቱ ላይ ስለሆኑ መጀመሪያ ባትሪውን ነቀልኩ። ከመፍታቴ በፊት ሁሉንም ፎቶ አነሳሁ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቦታውን ጻፍኩበት። ክሊፖቹ በዕድሜ ብዛት ስለሚሰባበሩ ካቻቢቴ አላስጠጋሁም፤ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቀስ እያልኩ አነሳኋቸው። ከዚያ ሁሉንም በቅባት ማስለቀቂያ አጠብኩ። ብዙዎቹ የዳሽቦርድ ማብለጫዎች ሲሊኮን አላቸው። ሲሊኮን የቀረበት ቦታ ላይ አዲስ ቫርኒሽ አይተኛም፤ ትንንሽ ጉድጓድ እየሠራ ይሸሻል።

ዋናው ሥራ አሮጌውን ቫርኒሽ ማንሳቱ ነው። እዚህ ጋ መቸኮል የለም። የማለስለሻ ማሽን ፈጽሞ አልመክርም፤ ቬኒየሩን አንዴ ከበላው አለቀ። እኔ የተጠቀምኩት የሙቅ አየር መንፊያና ስለታም ስፓቱላ ነው። መንፊያውን አንድ ቦታ ላይ አላቆምም፤ ሙቀቱ ከበዛ የቬኒየሩ ኮላም አብሮ ይለቃል። ቫርኒሹ ለስለስ ሲል ስፓቱላውን አጋድሜ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ እገፋዋለሁ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ ይነሳል። ከሥሩ የወጣው እንጨት ደረቅና ፈዛዛ ነው፤ ግን ምንም አልሆነም! ጣቴን ውሃ ነክሬ ሳስነካው መስመሮቹ ወዲያው ጠቆር ብለው ብቅ አሉ። ይሄን ሙከራ እወደዋለሁ፤ እንጨቱ ቫርኒሽ ሲቀባ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያሳያል።

ጠርዙ ላይ የተነሳ ቬኒየር ነበር። ኮላ በመርፌ ከሥሩ አስገብቼ፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ጣል አድርጌ በሞርሳ አሰርኩት። ትንሽ የጎደለችውን ደግሞ ከሌላ የዜብራኖ ቁራጭ ሞላኋት። ዜብራኖ መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ካልገጠመ ከሩቅ ያስታውቃል። መጋጠሚያው በሰያፍ ሲቆረጥ ግን ዓይን አይይዘውም። ከዚያ 240 ቁጥር፣ ቀጥሎ 320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእጅ፣ ሁሌም በመስመሩ አቅጣጫ።

ፀሐይ የሚያገኘው ክፍል ነጥቶ፣ የተከለለው ጠቁሮ ነበር። በአልኮል የሚበጠበጥ ማቅለሚያ ስስ አድርጌ፣ የነጣውን ደጋግሜ በመቀባት አቀራረብኩት። ወፍራም ቀለም መስመሩን ይሸፍነዋል። ቁራጮቹን ጎን ለጎን ደርድሮ በቀን ብርሃን ማየት ግድ ነው፤ የአምፖል ብርሃን ያታልላል።

ለመጨረሻው ሽፋን ከማጠንከሪያው ጋር የሚደባለቀውን ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ መረጥኩ። ይበረታል፣ ያበራልም። ግን ውስጡ ያለው አይሶሳይኔት ሳንባን ይጎዳል፣ አስምም ያመጣል። ተራ የአቧራ ማስክ አያድንም፤ ለዚህ ኬሚካል የተሠራ የመተንፈሻ መከላከያ፣ ጓንትና በደንብ የሚናፈስ ቦታ ያስፈልጋል። በዚህ ቀልድ የለም። የመጀመሪያውን ሽፋን ስስ አድርጌ ረጨሁ። ከዚያ በየመሃሉ በ400 እያለሰለስኩ ደራረብኩት። ሲደርቅ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ስለሚሰምጥ ቶሎ ማብለጭለጭ ጥሩ አይደለም። በደንብ እስኪጠነክር ትቼው ቆይቼ፣ 1000፣ 1500 እና 2000 ቁጥር ወረቀት በውሃ፣ በመጨረሻም ፖሊሽ። ጠርዝ ላይ ቫርኒሹ ስስ ስለሆነ እዚያ ጋ እጅ ቀለል ማድረግ ነው።

መልሶ ሲገጠም ደግሞ የመስኮት ቁልፎቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ይጠባል፤ የተደራረበው ቫርኒሽ ውስጡ ድረስ ይገባል። በኃይል የተገፋ ቁልፍ አዲሱን ሽፋን ከጠርዙ ይፈነቅለዋል። እኔ እያንዳንዱን ቀዳዳ ከውስጥ በኩል በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጌ፣ ቁልፉ በጣት ብቻ ሲገባ ነው ቦታው ላይ ያሰርኩት።