«ኮልድ» የምትለው ቃል እናቴን ምን አስከፈለቻት

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እናቴ ያን ያህል ባልተሰቃየች ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ሜሪላንድ በመጣች በአራተኛው ወር፣ በጥር፣ ታመመች። ቀጠሮ ያዝኩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ቅጹን ሞላሁ። እንግዳ ተቀባይዋ «አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ፣ አስተርጉምላት» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ስምንት ዓመት አሜሪካ የኖርኩ ሰው ነኝ ብዬ። ያ ደስታዬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐኪሙ ምን እንደሚሰማት ጠየቀ። እናቴ ቀኝ ጎኗን ይዛ «ብርድ መትቶኛል» አለች። እኔ «ሺ ሃዝ ኤ ኮልድ» አልኩት። አራት ቃል። ከዚያ በኋላ የተጠየቀው ሁሉ የጉንፋን ጥያቄ ሆነ፦ አፍንጫዋ ይፈሳል? ጉሮሮዋን ያማታል? «ስተነፍስ ይወጋኛል» ስትለኝ «ትንሽ ያማታል» ብዬ አሳጠርኩት፤ ሰውየው ሰዓቱን ሲያይ አይቼ ነበርና። ጀርባዋ ላይ ማዳመጫውን አላሳረፈም። ፈሳሽ ትጠጣ፣ ትረፍ፣ በሳምንት ይለቃታል ብሎ ሸኘን። እሱንም አዝንበታለሁ፤ እጇ የት እንደነበረ አይቷል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ላደገ ሰው ብርድ የአየሩ ስም ብቻ አይደለም። ጎን ሲወጋ ብርድ ነው፣ ወገብ ሲይዝ ብርድ ነው፣ ሆድ ሲቆርጥም ብርድ ነው። ጉንፋን ግን የራሱ ስም አለው። እንግሊዝኛው «ኤ ኮልድ» ሲል ደግሞ ያንኑ ጉንፋን ማለቱ ነው፣ ሌላ አይደለም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

በአምስተኛው ሌሊት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ድንገተኛ ክፍል አደረስኳት። ነርሷ እኔን ዝም አሰኝታ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስገባች። ሴትዮዋ «እማማ፣ ብርዱ የት ላይ ነው? ሲተነፍሱ ይብስብዎታል?» አለቻት። እኔ ልጇ ያልጠየቅኋትን ጥያቄ! ራጅ ተነሳች፤ የሳንባ ምች። አራት ሌሊት ተኛች።

ስለዚህ ክሊኒኩ «ቤተሰብ ያስተርጉም» ቢላችሁ እምቢ በሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ሜዲኬድን (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚከፍለውን የመንግሥት የጤና መድን) የመሰለ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ ጀምሮ «አማርኛ» ብላችሁ አስመዝግቡ።

ከዚያ እንዲህ ያሉ ቃላት የምጽፍበት ደብተር ገዛሁ። የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር የፈሊጥ ዝርዝር ሰጥቶን በቃላችሁ አጥኑ ብሎን ነበር፤ እኔ አልመክርም። አንድን ቃል አብረውት ከሚመጡት ቃላት ጋር ያዙ። «አይ አም ኮልድ» በረደኝ ነው፤ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ጉንፋን ይዞኛል ነው፤ ስለ ሰው ጠባይ ሲወራ «ሺ ኢዝ ኮልድ» ከተባለ ደግሞ ፍቅር የሌላት፣ ፊት የማትሰጥ ማለት ነው። «ኮልድ ሾልደር» የኛው ፊት መንሳት ነው። «ኮልድ ፊት» (ቃል በቃል ቀዝቃዛ እግር) ያዘው የተባለ ሙሽራ እግሩ አልበረደውም፣ ሠርጉ ሲቃረብ ፈርቶ ማፈግፈግ ጀምሯል። «አውት ኮልድ» ራሱን የሳተ ነው። በኛ ንዴት ሲበርድ፣ ጠብ ሲበርድ መልካም ነገር ነው፤ እነሱ ዘንድ ቅዝቃዜው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ነው።

በጣም የገረመኝ «ኮልድ ሶር» ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል እኛ ምች እንለዋለን፣ ፀሐይ መታኝ ብለን ዳማከሴ እናሻለን። እነሱ በብርድ ሰየሙት። መንስኤው ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ፀሐይ ግን በእርግጥ ትቀሰቅሰዋለች፤ እናቴ ይህን ስነግራት «አላልኩህም?» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት ለደም ግፊቷ ሜቶፕሮሎል ታዘዘላት። ሐኪሟ «ኮልድ ተርኪ» እንዳታቆመው አለች። አስተርጓሚው በስልክ ላይ ትንሽ ዝም አለ፤ ቀዝቃዛ የተርኪ ዶሮ ሥጋ ሊል ነው ብዬ ልቤ ቆመ። እሱ ግን ሐኪሟን መልሶ ጠየቃትና «እማማ፣ ይህን ክኒን በራስዎ ፈቃድ በአንዴ እንዳይተዉት፣ ልብዎን ይጎዳል፤ ማቆም ካስፈለገ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልዎታል» አላት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ኮቷን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።