እጅ ለዘንጉ፣ እግር ለፔዳሉ፦ በካያክ የማጥመድ ልምዴ

ባለፔዳል ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ ፋንታ በእግር የምትነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ይፈጥናል ወይ?» የሚል ነው። ይፈጥናል፤ ነገር ግን ለአጥማጅ ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ አይደለም። በመቅዘፊያ የሚያጠምድ ሰው የሚቸገረው ለመድረስ ሳይሆን ለመቆም ነው። ዓሣው አለበት ካልነው ቦታ ደርሰን መቅዘፊያውን ጭናችን ላይ አሳርፈን ዘንጉን ስናነሳ፣ መንጠቆው ውሃ ሳይነካ ነፋሱ ወስዶናል። ዘንጉን እናስቀምጣለን፣ ቀዝፈን እንመለሳለን፣ እንደገና እንወሰዳለን። በፔዳል ግን ጀልባዋን ቦታዋ ላይ የሚያቆያት እግር ነው፤ ሁለቱም እጆች የማጥመጃው ናቸው። ከመቅዘፊያ ወደ ፔዳል ከተሻገርኩ ወዲህ የምመርጠውንም የምለማመደውንም የምለካው በዚህ ነው፦ እጄን ነፃ አድርጎ ያቆመኛል ወይስ አያቆመኝም?

በገበያ ላይ የሚገኙት የፔዳል ሥርዓቶች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለክንፍ ነው። ሆቢ የተባለው የአሜሪካ ጀልባ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ሚራጅ ድራይቭ ብሎ ያወጣው ሲሆን፣ ሁለት የሚተጣጠፉ ክንፎች ከጀልባዋ ሆድ ሥር ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ፤ ሐሳቡ የተወሰደው ከፔንግዊን አዋኛኘት ነው። እግር አንዱን ፔዳል ሲገፋ ሌላው ይመለሳል፤ የሚዞር ነገር የለም። ሁለተኛው ባለፕሮፔለር ነው። እግር እንደ ብስክሌት ያዞራል፣ ማርሾቹ ፍጥነቱን ያባዙታል፣ ከሥር ያለው ፕሮፔለር ይሽከረከራል። ኦልድ ታውን የተባለው ካያክ ሠሪ በሚያወጣው፣ ፒዲኤል በሚባለው የፔዳል መሣሪያ ላይ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ፕሮፔለሩ ከ10 ጊዜ ትንሽ በላይ ይዞራል። ለዚህ ነው በቀስታ እየዞረ እንኳ ጀልባዋ የምትሄደው።

የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው ውሃው ላይ ነው። በባለፕሮፔለሩ ወደ ኋላ ለመሄድ ፔዳሉን ወደ ኋላ ማዞር ብቻ ይበቃል፤ ኋላ ማርሽ በሉት። ዓሣ ይዞን ወደ ቁጥቋጦ ወይም ወደ ድንጋይ ሲጎትተን፣ ወይም ከመሬት ልንጋጭ ስንል ይህ ነገር ዋጋው ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለክንፎች ወደ ኋላ አይሄዱም ነበር። በኋላ የመጡት በአጠገባችን ያለች ገመድ ስትሳብ ክንፎቹን አዙረው ወደ ኋላ ይገፋሉ። ይሠራል፣ ግን እጅ ይጠይቃል፤ የእኔ መለኪያ ደግሞ እጅ ነው።

ስለዚህ ባለፕሮፔለር ይሻላል ማለት ነው? ውሃችሁን ሳላውቅ አልልም። ፕሮፔለሩ ከጀልባዋ ሥር ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ይፈልጋል፤ ውሃው ሲያንስ ሙሉውን አንስቶ መቅዘፊያ መያዝ ነው። በባለክንፉ አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው ገፍቶ መያዝ ብቻ ክንፎቹን ከሆዱ ጋር ያጣብቃቸዋል፤ ጉልበት ድረስ በማይሞላ ውሃ ላይ ተንሸራተን እናልፋለን። አረም ሲመጣም እንዲሁ ነው። ረጃጅም የውሃ አረም ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር አንዳንዴ ያላቅቀዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንስቶ በእጅ መንቀል ግድ ነው። ክንፍ ላይ አብዛኛው አረም ይንሸራተታል። ዳር ዳሩን፣ አረም ውስጥ የሚያጠምድ ሰው ባለክንፉን ቢያይ፣ ጥልቅና ነፋሻ ውሃ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ የሚያጠምድ ደግሞ ባለፕሮፔለሩን ቢያይ ነው የምለው። የዘንግ መያዣው ብዛት፣ የኩባያ ማስቀመጫው፣ ቀለሙ በኋላ የሚታሰብ ነው፤ ሻጮች ግን መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ስለ ርዝመት ብዙ ይወራል። ውሃ ላይ ተቀምጣ የምትሄድ ጀልባ ራሷ በምትፈጥረው ሞገድ ስለምትያዝ የፍጥነት ጣሪያዋ ከርዝመቷ ጋር ይያያዛል። ውሃ የሚነካው ርዝመት በሜትር ተወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱ በ4.5 ሲባዛ ጣሪያው በኪሎ ሜትር በሰዓት ይገኛል። የ3 ሜትሯ ወደ 7.8፣ የ4 ሜትሯ 9 ገደማ ትሆናለች። በተግባር ግን ማንም ሰው ቀኑን ሙሉ በጣሪያው አይሄድም። ከ5 ወደ 6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ለማለት ብቻ 70 ከመቶ የሚሆን ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል፤ የሚፈለገው ኃይል ቢያንስ በፍጥነቱ ኩብ ያድጋልና። ስለዚህ ረጅሟ የምትጠቅመው ለእሽቅድምድም ሳይሆን በዚያው በ5 ኪሎ ሜትር እግር ሳይዝል ለመቆየት ነው። አጭሯ ደግሞ ጠባብ ቦታ ትዞራለች፣ ለመሸከምም ትቀላለች።

መሸከም ያልኩት ቀላል ጉዳይ አይደለም። የፔዳል ካያክ ከነወንበሩና ከነፔዳሉ ከ40 ኪሎ ሲያልፍ የተለመደ ነው፤ ከ50 የሚበልጡም አሉ። ከመኪና ጣሪያ ላይ ብቻውን ማውረድ የማይችል ሰው ውሃው ላይ ስለሚሰጠው ምቾት ከማሰቡ በፊት ይህን ይመልስ። ወገብ አንድ ነው። ባለጎማ ጋሪ የግድ ያስፈልጋል፤ እኔ ጀልባዋን ከሥር አቅፎ በቀበቶ የሚታሰረውን እመርጣለሁ። በወለሉ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ የሚሸከመው ክብደቱን በሙሉ ቀዳዳዎቹ ላይ ስለሚጥል ፕላስቲኩ ውሎ አድሮ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስፋቷ ከ85 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር የሆነች ካያክ ላይ አብዛኛው ሰው ቆሞ መወርወር ይችላል። የመሸከም አቅም ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ግን እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ምቹ ጭነት አትውሰዱት። ሰውነትን፣ ዕቃን፣ ባትሪን ደምሬ ከሁለት ሦስተኛው ካለፈ ይበዛል እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ጀልባዋ ትሰጥማለች ባይባልም ዝቅ ትላለች፣ ውሃ ከቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ይመጣል፣ መቀመጫ ይረጥባል።

ወደ ልምምዱ ልለፍ። መጀመሪያ የተስተካከለው ወንበሩ ነው። እግር እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ጉልበት ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። በጣም ከቀረበ ጉልበት ያማል፤ ከራቀ ዳሌ ከጎን ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ጀርባም ይደክማል። በባዶ እግር ከመግፋት ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ ይሻላል።

ከዚያ መሪው። መሪው ከኋላ ነው፣ የሚያዘውም እጀታ በአብዛኛው በግራ እጅ በኩል ነው፤ ቀኝ እጅ ዘንግ እንዲይዝ። መሪ የሚሠራው ውሃ ሲያልፍበት ብቻ ስለሆነ፣ ቆማ ያለችን ጀልባ እጀታውን በማዞር ብቻ ማዞር አይቻልም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መግፋት ያስፈልጋል። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ የመሪው ነገር ይገለበጣል። እጅ እስኪለምደው ድረስ ሰፊ ቦታ ላይ፣ ያለ ዘንግ፣ ወደ ኋላ ብቻ እየሄዱ መለማመድን የሚያህል ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሰጠሁት በነፋስ ውስጥ መቆምን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ክብደት የታሰረበት ባዶ ጠርሙስ ውሃው ላይ ይጣላል፤ ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ከጠርሙሱ አንድ ዘንግ ርቀት ላይ ለመቆየት መሞከር። ነፋሱ የሚገፋው ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፤ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት የነበረው 20 ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ እግር ዝም ብሎ እኩል አይገፋም፤ ሽው ሲል ጠንከር፣ ሲረግብ ቀስ ይላል። አፍንጫዋ ከነፋሱ ጥቂት እንደዞረች በመሪው መመለስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ከዞረች ጎኗን ለነፋስ ትሰጣለች፣ ያኔ ክብ ዞሮ እንደገና መጀመር ነው። ይህ ከተለመደ በኋላ ዘንግ ተጨመረ። መወርወርም ወደ ነፋሱ ሳይሆን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ሲሆን ክሩ አይላላም።

መልህቅ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እግር ይደክማል። ነገር ግን ከአፍንጫ ወይም ከኋላ እንጂ ከጎን በፍጹም አይታሰርም፤ ጅረት ያለበት ውሃ ከጎን የታሰረችን ካያክ ጎትቶ ይገለብጣታል። ገመዱን በአንዴ የሚለቅ አሰራርና በቅርብ ያለ ቢላዋ አብረው ይሂዱ።

መንጠቆን ከኋላ እየጎተቱ ማጥመድ ለፔዳል የተፈጠረ ይመስላል። ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለብዙ ማባበያዎች ይበቃል፣ እግርም ያን ያህል ሳይለፋ ይይዘዋል። ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ጀልባዋን ራሷን ይጎትታል፤ ያ መጎተት ዓሣውን ያደክመዋልና የሪሉን፣ ማለትም የክር መጠቅለያውን፣ ፍሬን ከባሕር ዳርቻ ከምናደርገው ላላ ማድረግ ይቻላል። ዘንጉ ወደ አፍንጫዋ ይሁን፤ ዓሣው ወደ ጎን ሲዞር መሪውን ተከትሎ ማዞር ነው። አጠገብ ሲደርስ ግን ፔዳሉ ይቁም። ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ ክር ዓሣውን ማስመለጡ ብቻ አይደለም፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ብረት ላይ ገብቶ ውሃ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት ሊቆርጥ ይችላል።

አሁን የማይወደደው ክፍል፦ መገልበጥ። እነዚህ ጀልባዎች የማይገለበጡ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው ተመልሶ መውጣትን ሳይሞክር ዓመታት ያሳልፋል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ወንበር ሥር ሳይሆን ሰውነት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ፊሽካም እሱ ላይ ይንጠልጠል። የተገለበጠችን ሰፊ ካያክ መመለስ ከጠባቧ ይከብዳል። በወዲያኛው ጎን እጀታ ላይ አስቀድሞ የታሰረ ገመድ በሆዷ ላይ አሳልፎ፣ ጉልበትን ከጠርዟ አስደግፎ ወደ ኋላ በሙሉ ክብደት መሳብ ይሠራል። ክንፉን ወይም ፕሮፔለሩን እንደ መያዣ አትሳቡት፤ እሱ ከተሰበረ ወደ ቤት መመለሻው ነው የተሰበረው። ከተመለሰች በኋላ እግርን ወደ ውሃው ገጽ አንስቶ በኃይል እየመቱ በሆድ መሃሏ ላይ መውጣት፣ ከዚያ ተገልብጦ መቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ እግር ማስገባት። ቁጭ ለማለት የሚቸኩል እንደገና ይወድቃል።

ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ይህን ሁሉ ለማድረግ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ካናዳዊው የቅዝቃዜ ተመራማሪ ጎርደን ጊዝብሬክት 1-10-1 በሚል ያስተማሩትን እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር በአግባቡ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ ያህል፣ ቅዝቃዜው ራስን እስኪያስት 1 ሰዓት ያህል። ጃኬት የሌለው ሰው ሦስተኛው ቁጥር ላይ አይደርስም።

መቅዘፊያ ሁልጊዜ ይኑር፣ በገመድ ታስሮ። ፔዳሉም ይታሰር፤ ስትገለበጥ ተነቅሎ የሚሰጥም አለ። ከጨው ውሃ ሲወጣ በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ የካቴናና የሽቦውን መጥበቅ ማየት፣ ብሎኖቹን መነካካት። አንዳንድ መሪዎች ከድንጋይ ሲጋጩ ራሷ ተሰብራ መሪውን የምታድን ትንሽ የፕላስቲክ ፒን አላቸው፤ ትርፍ አንድ ሁለት ከፒንሳ ጋር ኪስ ውስጥ ብትቀመጥ ጥሩ ነው።

ሰሞኑን የምሠራው ሁለት ነገር ላይ ነው። አንዱ ማምሻው ላይ ማጥመድ ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ በቀዘፋ ለምትሄድ ትንሽ ጀልባ ቢያንስ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪ በእጅ ቅርብ እንዲሆን ይጠይቃል። እኔ ግን ከኋላ ከፍ ባለ እንጨት ላይ ዙሪያውን የሚታይ ነጭ መብራት እያስገባሁ ነው፤ ሞተር ያለው ጀልባ ዝቅ ብሎ የተቀመጠን ሰው እንዲያይ መጠበቅ አይገባም። ሁለተኛው የዓሣ መፈለጊያው፣ ማለትም ከሥር ያለውን በድምፅ ሞገድ አይቶ በምስል የሚያሳየው መሣሪያ፣ ዳሳሽ ቦታ ነው። ወደ ፕሮፔለሩ ሲጠጋ ከፔዳሉ የሚነሳው አረፋ ምስሉን ያበላሸዋል፤ ወደ ፊት ሲሄድ ደግሞ ሽቦው ከእግር ጋር ይጣላል። ከፊተኛው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ውስጥ አስገብታችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ሽቦውን በየት በኩል እንዳሳለፋችሁትና በፍጥነት ስትሄዱ ምስሉ ይጸዳ እንደሆነ ንገሩኝ።