የሴኮቶን ቢጫ ቤቶች ፍለጋ

ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፔ በሚባለው ሰፈር አማርኛ ከሱቅ ሱቅ ይሰማል፤ ቡናውም የአገር ቤት ቡና ነው። እኔን ያመጣኝ ግን ደቡብ አፍሪካዊው ሰዓሊ ጄራርድ ሴኮቶ ነበር። የከተማዋ የሥዕል ሙዚየም «ቢጫ ቤቶች» የተባለውን፣ ሶፊያታውን የሚባለውን የከተማዋን ሰፈር የሚያሳየውን ሥዕሉን በ1940 ገዝቶታል (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሙዚየሙ የጥቁር ሰዓሊ ሥራ ሲገዛ ያ የመጀመሪያው ነበር። የሥዕሉን ፎቶ ስልኬ ላይ ይዤ ወደ ሶፊያታውን ሄድኩ።

የአክስቴ ልጅ መኪናውን ቶቢ በሚባለው ጎዳና ላይ አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። «ምን ልታዪ ነው? አጥርና አስፋልት እኮ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከ1955 ጀምሮ በአፓርታይድ (በዘር መድልዎ ሥርዓት) ነዋሪው በፖሊስ እየተጫነ ተወሰደ፣ ቤቶቹ ፈረሱ፣ ቦታው ለነጮች ተሰጥቶ «ድል» የሚል ስም ወጣለት። የፖለቲካ መሪው የዶክተር አልፍሬድ ኩማ (Xuma) ቤትና የክርስቶስ ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ከተረፉት ጥቂቶች ናቸው።

ሴኮቶ በ1913 ቦትሻቤሎ በተባለ የሚሲዮን ጣቢያ ተወለደ። መምህር ነበር፤ በ1938 በሥዕል ውድድር ሁለተኛ ሲወጣ ማስተማሩን ትቶ እዚህ ገባ። የዘይት ቀለም አያያዝ ያሳየችው ሰዓሊዋ ጁዲት ግላክማን ናት። ብዙዎች ከቫን ጎህ ጋር ያመሳስሉታል። ለእኔ ግን ትልቁ መምህሩ ይህ መንገድ ነው። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ግድግዳው ፀሐይ የጠጣ ይመስላል፤ የአፈሩ መንገድ እንኳ ይሞቃል። ድህነቱን አልደበቀም፤ ሰፈሩን ግን በድህነቱ ብቻ አላየውም።

«የዶማ ዘፈን» የተባለው ሥራውም እንዲሁ ነው። ጥቁር ሠራተኞች ተሰልፈው ዶማቸውን እኩል አንስተዋል። ነጩ አለቃ ፊት ለፊታቸው ቆሟል፤ ጉልበቱ ያለው ግን በሰልፉ ዘንድ ነው።

ከሶፊያታውን በኋላ ኬፕታውን ዲስትሪክት ሲክስ፣ ከዚያም ፕሪቶሪያ ኢስትዉድ ኖሮ ሣለ። ሦስቱም ሰፈሮች በአፓርታይድ ፈረሱ። እርሱ በ1947 ፓሪስ ገብቶ ነበር፤ ቡና ቤት ውስጥ ፒያኖ እየተጫወተ ራሱን ያስተዳደረበት ጊዜ አለ። በ1993 እዚያው ፈረንሳይ አረፈ፤ አገሩን ዳግም አላያትም።

ስልኬን ከፍ አድርጌ ሥዕሉን ከአስፋልቱ ጋር አስተያየሁ። የአክስቴ ልጅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ትንሽ ተመለከተ።

«እነዚያ ቤቶች የት ጋ ነበሩ?» አለኝ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።