ሰውነት የያዘውን ፍርሃት በቀስታ መፍታት

የምሠራበት ዘዴ፣ ከንግግር ባሻገር ሰውነት የሚሰማውን በማስተዋል ፍርሃትን የሚያረጋጋ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ዛሬ ከዓረብ አገር ከተመለሰች አንዲት ታካሚዬ እህት ጋር ስንነጋገር፣ አሠሪዎቿ ይጠሩበት የነበረውን ደወል በጠቀሰች ቁጥር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣ፣ አውራ ጣቷም በጨበጠችው መዳፏ ውስጥ ይደበቅ ነበር፤ አንደበቷ ግን «አሁን እኮ ደህና ነኝ» ይላል። (ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው።) ታሪኩን እንድትቀጥል ከመገፋፋት ይልቅ፣ እግሮቿ ወለሉን ሲነኩ የሚሰማትን እንድታስተውልና ትንፋሿን ቀስ ብላ እንድታወጣ ጠየቅኋት። ከቆይታ በኋላ መዳፏን ፈትታ አለቀሰች፤ እኔም ላስቆማት አልሞከርኩም።

ትንፋሽን አርዝሞ ማውጣት፣ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ እስከ ልብና ሆድ ዕቃ በሚወርደው የቬገስ ነርቭ አማካይነት የልብ ምትን ዝግ ስለሚያደርግ፣ በምክር ብቻ የማይረጋጋውን ሰውነት ያረጋጋዋል። የሥነ ልቦና ትንተና (ሳይኮአናሊሲስ) መሥራች የፍሮይድ ደቀ መዝሙር የነበረው ዊልሄልም ራይክ የታፈነ ስሜት ጡንቻን አጥብቆ እንደሚይዝ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጽፎ ነበር፤ ኋላ ላይ ያመጣውን የ«ኦርጎን» (በሁሉም ቦታ አለ ያለው የሕይወት ኃይል) ሐሳብ ፈጽሞ ባልቀበለውም፣ ይህን ምልከታውን ግን በሥራዬ ዘወትር አየዋለሁ።

ዘዴው ማሳጅ አይደለም፤ እኔ ታካሚዎቼን ሳልነካ ነው የምሠራው። የጥናት ማስረጃውም አሰቃቂ ትዝታን በንግግር የሚያክሙት ዘዴዎች ያላቸውን ያህል ገና ስላልዳበረ፣ ከእነርሱ ጋር አጣምሬ እጠቀምበታለሁ እንጂ በምትካቸው አላቀርበውም። ሕመምን ሁሉ የስሜት ነው ማለት ሰውን ለአደጋ ስለሚያጋልጥም፣ የደረት ሕመም ወይም የማይለቅ ራስ ምታት ያለበትን ሰው አስቀድሜ ወደ ሐኪም እልካለሁ።