የሌሊት ግርማ

ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን

የዚህ ወር ሌሊት ረጅም ነው። ውርጩ ሣሩን አንጥቶ ያድራል፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ያነጋል። ጭንቀት ያለበት ሰው እንቅልፉ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ልቡ ይደልቃል፣ መዳፉን ያልበዋል፣ ደረቱ ይጠብበዋል። የብድሩ፣ የልጁ ፈተና፣ የመንገዱ ነገር ከዚያ በኋላ ይከተላል። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይጠቅማል። ሥጋ ቀድሞ ይደነግጣል፣ አእምሮም ለድንጋጤው ምክንያት ፍለጋ ይወጣል። በዚያ ሰዓት የተገኘ ምክንያት ሁሉ እውነት ይመስላል።

ዳዊት ይህን ነገር በስሙ ይጠራዋል፦ «ኢትፈርህ እምግርማ ሌሊት»፤ ከሌሊት ግርማ አትፈራም። መዝሙር 90 ነው። በአንዳንድ እትም 91 ሆኖ ስለሚገኝ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን መነሻ ይዞ መፈለግ ይሻላል።

ብዙ አማኝ ግን በፍርሃቱ ላይ ሌላ ሸክም ይጭንበታል። «እምነት ቢኖረኝ አልፈራም ነበር» ይላል። ይህን ስሰማ አዝናለሁ። ጌታ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ወርዷል። ኤልያስ ደግሞ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 እግዚአብሔር ምን እንዳደረገለት በዝግታ ማንበብ ያስፈልጋል። ተግሣጽ አልላከበትም። አስተኛው። መልአኩ ዳሰሰውና እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። እንደገና አስተኛው፣ እንደገና አበላው። «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ በሌሊት ሲነቁ ከሥጋ መጀመር ከመንፈሳዊነት መጉደል አይደለም። ተኝቶ ከመገላበጥ ተነሥቶ መቀመጥ፣ እግርን መሬት ማስረገጥ፣ ጋቢ መደረብ፣ ፊትን በትእምርተ መስቀል ማማተብ። ከዚያ መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት። አየር ሲገባ «እግዚኦ»፣ ሲወጣ ቀስ ብሎ «መሐረነ ክርስቶስ»። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው መርዘም አለበት፤ የልብ ምትን የሚያረጋጋው እሱ ነው። አንዱ ዙር 7 ሰከንድ ያህል ቢፈጅ 41ዱ ወደ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ድንጋጤው ብርቱ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርስና ይወርዳል፤ ሁለት ጊዜ መድገም ሳይበቃ አይቀርም።

እዚህ ላይ ሦስት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው መቸኮል ነው፤ ጸሎቱን ሲያሯሩጡት ትንፋሹም አብሮ ይሮጣል፤ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፤ ራስ ይዞራል፤ ሰውየውም «መሞቴ ነው» ይላል። ሁለተኛው በየአሥሩ «ሄደልኝ ወይ?» ብሎ ፍርሃቱን መፈተሽ ነው። የሚፈተሽ ፍርሃት አይተኛም። ጸሎቱ ከእግዚአብሔር ጋር መቀመጫ ይሁን፤ ፍርሃቱ ሲወጣ ይውጣ። ሦስተኛው ሞባይል መክፈት ነው፤ ስለሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ልብ ሲረጋ ፊልጵስዩስ 4፥6 ይመጣል። «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለው ብቻውን ከተነበበ ጥቅሱ ተቆርጧል፤ ልመናን «ከምስጋና ጋር» ማስታወቅም በዚያው ቁጥር አለ። ማስታወቅ ማለት ነገሩን በስሙ መጥራት ነው። «ጭንቀቴን አርቅልኝ» ከማለት «የጥር ወር የቤት ኪራይ አስፈርቶኛል» ማለት ይሻላል። በወረቀት ላይ አንድ መሥመር አስምሮ፣ በአንድ ወገን ነገ በእጅ የሚሠራውን፣ በሌላው በእግዚአብሔር እጅ ብቻ ያለውን መጻፍ። ከሥሩ ዛሬ የተደረገ አንድ በጎ ነገር በምስጋና ማስፈር። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ዳዊቱ ውስጥ ማስቀመጥ፤ የሚገለጠው ሲነጋ ነው።

ጭንቀት ሲበረታበት ትልቅ ሥርዓት በአንድ ቀን የሚጀምር አለ። ዳዊት ለሳምንቱ ተከፋፍሎ ሲጸለይ የሰኞ ድርሻ ብቻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው። ለጀማሪ ይህ ከባድ ነው፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ያቋርጠዋል፤ ማቋረጡም አዲስ ጸጸት ይሆንበታል። ማታ አንድ መዝሙርና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይዞ ለ40 ቀን ሳያቋርጡ መቆየት ይበልጣል። መጠኑን ከንስሐ አባት ጋር መወሰን ነው።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ሲጾም ውሎ 9 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣ ሰው ልቡ ቢደልቅ አይደንቅም። ቡናው ሳይፈርስ ለሰዓታት ስለሚቆይ የሌሊቱንም እንቅልፍ ይሰብራል። መጀመሪያ እህል መቅመስ፣ ቡናውንም በአቦል መገታት ብዙ ያቀላል።

መሸሽስ? የጣርማ በርን ቁልቁለት ፈርቶ ወደ ደብረ ሲና መውረድ የተወ ሰው ለዛሬ ያርፋል፤ ፍርሃቱ ግን በቀረበት ጉዞ ልክ ይወፍራል። ከወዳጅ ጋር መኪና እስከሚያልፍበት የመንገዱ ዋሻ አፍ ደርሶ መመለስ፣ በሌላ ቀን ዋሻውን ማለፍ፣ ከዚያ ብቻውን መሄድ። በየደረጃው ድንጋጤው እስኪበርድ መቆየት ግድ ነው፤ መሐል ላይ ከተመለሱ ሥጋ የሚማረው ሽሽትን ነው። የተኩስ ድምፅ በጆሮው ለቀረ፣ ቤቱን ጥሎ ለተፈናቀለ ሰው ግን ይህ አይበቃም፤ የእሱ ፍርሃት ያየውን የሚያስታውስ ነውና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ወደ ጠንቋይ ሄዶ ክታብ ማሰርን አጥብቄ እቃወማለሁ። ክታቡ ያልነበረ ጠላት ስም አውጥቶ ያስገባል፤ ሰውየው ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱንም ይፈራል። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ለጠበል የሚሄድ ደግሞ የታዘዘለትን መድኃኒት ይዞ ይሂድ። ለጭንቀት በብዛት የሚታዘዘው መድኃኒት ሥራው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ጠበሉ አስጮኸው» ይባላል። ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። እንቅልፍ ማጣቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ሐኪም ይየው፤ የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ልክ እንደ ጭንቀት ልብ ያስደልቃል። ሞትን መመኘት ከመጣ ሌሊቱ እስኪነጋ መጠበቅ የለም፤ ሰው ቀስቅሶ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የተቀሰቀሰው ሰው፣ ባልም ይሁን እናት፣ ስብከት አይጀምር። ትከሻውን ይዳስሰው፣ ጋቢ ይደርብለት፣ ለብ ያለ ውሃ ያቅርብለት። ከዚያ ሳይቸኩል መዝሙር 90ን ያንብብለት።