ሆላንድ፣ ሚሺጋን (አሜሪካ)

ዛሬ ሆላንድ ከተማ የቱሊፕ ፌስቲቫል ላይ ዋልኩ። የደች (የኔዘርላንድስ) ስደተኞች በ1847 እ.ኤ.አ. የቆረቆሯት ከተማ ናት። አበባው ዓይን ያጠግባል። ልቤን የወሰደው ግን የነፋስ ወፍጮው ነው። ደ ዝዋን ይባላል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1964 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድስ ተፈታቶ በመርከብ መጣ፤ ዛሬም ስንዴ ይፈጫል! ገና ስገባ የዱቄቱ ሽታ የሰፈራችንን ወፍጮ ቤት አስታወሰኝ። እናቴ፣ ነጠላዋ ላይ የበነነው ዱቄት፣ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ።

ውጪ የእንጨት ጫማ ያደረጉ ልጆች ይጨፍራሉ። ኮቴያቸው አስፋልቱን ሲመታው እንደ ከበሮ ነው። አንዲት አያት ተንበርክከው፣ ጫማው እንዳይልጣት ለልጅ ልጃቸው ካልሲ ይደርቡላታል። ለጥምቀት ልጆቻችንን ስናለብስ እንዲሁ ነን። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አንድ ከረጢት ዱቄት ገዝቻለሁ። እሁድ ድፎ እደፋለሁ፤ ቅርብ ያላችሁ ኑ።